በልጅ ሆድ የተገባ ስለት

እቴነሽ ጠዋት ጠዋት የሲኞር አርናልዶን የመስኮት መዝጊያ፣ ታፓሬላውን፣ በገመዱ እየሳበች ታነሣለች። ብርሃኑ ዓይናቸውን ሲወጋቸው ሽማግሌው ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ እሷ ግን ገና «ቦንጆርኖ» ሳትል ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ የሆንግ ኮንግን አየር ታያለች። የሮማው በመስኮቱ ይታያታል። የሆንግ ኮንጉን ካላየች ግን እጇ ሥራ አይዝላትም። እዚያ ዝናብ ካለ ልጇ ተራራ አትወጣም፤ ዝናብ ከሌለ ትወጣለች። ስለዚህ እቴነሽ በሰው አገር ተቀምጣ ለሌላ ሰው አገር ዝናብ የምትለምን ሴት ሆናለች።

በዚያ አርብ ዝናብ አልነበረም። በስልኩ ጥግ ላይ ቀይ የሙቀት ምልክት ወጥቷል፤ ይህ ምልክት ሲወጣ «ፀሐይ ላይ አትቆዩ» ማለታቸው እንደሆነ ልጇ ጽዮን ራሷ ነግራታለች።

«ምን ይላል ያ ስልክሽ?» አሉ ሲኞር አርናልዶ ከትራሳቸው ሳይነሡ።

«ሙቀት ነው ይላል።»

«እዚህም ሙቀት ነው። የነሐሴ በዓላችን ነው እኮ፣ ፌራጎስቶ! የሚያስነሣኝ ሰው አለ ወይስ ዛሬም ቻይናን ስንጠብቅ እንዋል?»

አስነሣቻቸው። ሲኞር አርናልዶ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ሞንተሳክሮ ሰፈር ባለው አራተኛ ፎቅ ቤታቸው ውስጥ እቴነሽ ፊሶ ትሠራለች፤ ማለትም እዚያው ታድራለች። የቤቱ ግድግዳ በተራራ ካርታ የተሸፈነ ነው። በወጣትነታቸው ከሮማ ዙሪያ ያልወጡት ተራራ የለም፤ ሟች ሚስታቸው «እኔ ያገባሁት ከተራራ የተረፈውን ነው» ትል እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወራሉ። አሁን የቀራቸው የወጥ ቤቱ በረንዳ ነው። ከዚያ ሆነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ሲውል፣ ሞንቴ ጄናሮ የሚባለውን ተራራ አሻግረው ያዩታል።

ከእቴነሽ ጋር የማያልቅ ክርክራቸውም ይኸው ነው። እሷ የተወለደችው አምባሰል ነው። ለእሷ ተራራ ማለት ወይ ታቦት ያለበት ነው፣ ወይ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሸሹበት ነው። ለመዝናናት ብሎ አቀበት የሚወጣ ሰው ሮማ መጥታ እስክታይ ድረስ ሰምታም አታውቅም ነበር።

«እናንተ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከሌለ አትወጡም» ይሏታል።

«እናንተስ ምን አለ ብላችሁ ነው የምትወጡት?»

«ምንም።»

«እኮ። ለምንም!»

እግዜር ሲያሾፍባት ይሆን፣ የራሷ ልጅ ከእሳቸው ወገን ሆነች። ጽዮን ሮማ ተወልዳ፣ ሮማ አድጋ፣ ገና በልጅነቷ በትምህርት ቤት ጉዞ ሞንቴ ካቮን ከወጣች ወዲህ ጫማዋ ከጭቃ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ዩኒቨርሲቲዋ በሰጣት ስኮላርሺፕ ሆንግ ኮንግ ናት፤ እስከ ገና በአንድ ላቦራቶሪ ትሠራለች። እቴነሽ ሆንግ ኮንግን ሕንጻ ብቻ ያለበት ከተማ አድርጋ ነበር የምታስበው። በዚህም ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷ ግን በሄደች በሳምንቱ ፎቶ ላከች፦ ሰማይ የሚነኩ ሕንጻዎች፣ ወዲያው ከጀርባቸው ደግሞ ቀጥ ያለ አረንጓዴ ገደል።

«ማሚ፣ አታምኚም! ከሜትሮ ወርደሽ ወዲያው ተራራ ነው። ከተማው ሲያልቅ እሱ ይጀምራል።»

ያን ቀን ነው እቴነሽ የዚያን አገር አየር ማየት የጀመረችው።

ስኮላርሺፑ ሲጠበቅ በነበረበት ሰሞን እቴነሽ አንድ ነገር አድርጋለች። መልሱ እየዘገየ፣ የጽዮን ፊት እየከሳ ሲሄድ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ይህን ብትፈጽሚልኝ ፍልሰታን ከነልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳንቀምስ እንጾምልሻለን» አለች። ፍልሰታን በአገሯ ሕፃናት እንኳ ስለሚጾሙት ብዙ የጠየቀች አልመሰላትም። መልሱ በሳምንቱ መጣ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የምታበስለው ጓደኛዋ አበራሽ ይህን ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀምጣ አፈጠጠችባት።

«ከነልጄ? በሰው ሆድ ይሳላል እንዴ አንቺ?»

«ሰው አይደለችም፣ ልጄ ናት።»

«ሆዷ የራሷ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው እንግዲህ፣ አንዴ ብለሽዋል።»

ጽዮን ግን አላኮረፈችም። እንዲያውም ሳቀች። «ቫ ቤኔ፣ ማሚ። አንቺ ካልሽ እጾማለሁ» አለች። የእቴነሽ ደስታ ወሰን አልነበረውም። «አብረን እንጾማለን፣ አብረን እንቀምሳለን» አለቻት። እንዳለችውም ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ፣ በሮማ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ ስልኳን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አቁማ ትደውላለች። ልጅቷ ጨለማ መስኮት ጀርባዋ አድርጋ ሩዝና አትክልት ይዛ ብቅ ትላለች። እናት ምስሯን፣ ልጅ ሩዟን አብረው ይበላሉ። እቴነሽ እዚያ መሽቶ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጇ ቀን ላይ በአገሩ ዘጠኝ ሰዓት ቀምሳ፣ አሁን እራቷን ለወጉ ከእናቷ ጋር የምትበላ ነበር የመሰላት። አንዳንዴ ጽዮን ሳታላምጥ ስትውጥ ታይና «ቀስ በይ፣ ማን ይቀማሻል?» ትላት ነበር።

በዚያ አርብ ሲኞር አርናልዶን አጣጥባ ባለ ጎማ ወንበራቸው ላይ እንዳስቀመጠች ፎቶ መጣ። ጽዮንና ኪያራ፣ ማለት ከሮማ አብራት የሄደችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ፣ በነጭ አሸዋ ዳር ቆመው ይስቃሉ። ከኋላቸው እንደ ጦር የሾለ ተራራ። ከሥሩ ጽሑፍ፦ «ዛሬ ላቦራቶሪው ዝግ ነው። ተራራው ሻርፕ ፒክ ይባላል። አታስቢ።»

አታስቢ ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚታሰብለት ነው። እቴነሽ ፎቶውን በጣቶቿ እየለጠጠች አየችው።

«አምጪው እስቲ» አሉ ሲኞር አርናልዶ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ዛፍ የለውም።»

«ቢኖረውስ?»

«ጥላ አይኖራትም ማለቴ ነው። አየሽ ይህን ነጣ ነጣ ያለውን? ኮረት ነው፤ የሚንሸራተት። መጥፎ ተራራ አይደለም። ግን በነሐሴ፣ በእኩለ ቀን... ማን ነው እንዲህ ያለ ሰዓት የሚነሣ? ስንት ውሃ ይዘዋል?»

እቴነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ትጾማለች።»

«ዓሣና አትክልት ትበላለች ማለት ነው?»

«ዓሣም የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ውሃም።»

ሲኞር አርናልዶ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ማዶና ሚያ» አሉ በለሆሳስ። «ውሃም?»

«በእኛ አገር ገበሬው ጾሞ ነው የሚያርሰው።»

«በሬውም ይጾማል?»

«በሬው ምን በደለ!»

«ልጅሽስ?»

እቴነሽ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው። ከሳህኑ ላይ ቀና እያለች የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ ስድስት ሰዓት ትደምርበታለች። እዚህ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ዘጠኝ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሲሞላ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አማተበች፤ ትንፋሽዋም ረዘም ብሎ ወጣ።

«አሁን ጠጥታለች፣ ሲኞሬ። እዚያ ሰዓቱ ደርሷል። በልታለችም።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አሉ እሳቸው። «እንግዲያው ለኔም የሚቀመስ ነገር ስጪኝ፤ እኔ ስለት የለብኝም።»

«ቀምሰሽ ነው የምትወጪው?» ብላ ለጽዮን ጻፈች። መልእክቱ አልደረሰም። አንድ ምልክት ብቻ አሳይቶ ቆመ። ተራራ ላይ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ ከዚህ በፊትም ሆኗል። ይህን እያወቀች በየደቂቃው ትከፍተዋለች። ወለሉን ጠረገች፣ ትከፍተዋለች። የሽማግሌውን ሸሚዝ አሰጣች፣ ትከፍተዋለች። ከታች መንገዱ ጭር ብሏል፤ ለፌራጎስቶ ሮማ ሁሉ ወደ ባሕር ወርዷል፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በሌላ ቀን የሚያስጮኻት የመኪና ጥሩምባ ዛሬ ቢሰማ ደስ ባላት።

ረፋዱ ላይ ሲኞር አርናልዶ መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ሰዓት ደረሰ። ወተቱን አሙቃ ቡና ጠብ አደረገችበት፤ ብስኩቱንም አጠገቡ አስቀመጠች። ኩባያውን ልታቀብላቸው እጇን ስትዘረጋ ስልኩ ጮኸ። ጽዮን ናት። እቴነሽ በሌላ እጇ አነሣችው።

«ጽዮኔ!»

ድምፁ የጽዮን አልነበረም። በጣልያንኛ የምትናገር ሴት ናት፤ ነፋስም ይጮኻል።

«ሲኞራ፣ እኔ ኪያራ ነኝ። አይፍሩ።»

እቴነሽ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ጽዮን ታማለች» አለች ኪያራ። «ጫፉ ሊደርስ ሲል ተቀመጠች። አስመለሳት። አሁን ደግሞ የምታወራው አይገባኝም፤ ይዘባርቃታል። ለነፍስ አድን ሰዎች ደውያለሁ፤ ሄሊኮፕተር እንልካለን ብለዋል። እስኪመጡ ውሃ ስጫት አሉኝ፤ እሷ ግን አፏን ትዘጋለች። እርስዎ ይንገሯት!»

«ውሃ የላችሁም?»

«አለን! የሷ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ነው፤ አልነካችውም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።»

«አይደለም፣ ልጄ። እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ጠጥታለች።»

ኪያራ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«የዚህን አገር ሰዓት አትቆጥርም፣ ሲኞራ። የሮማን ነው የምትቆጥረው። ሁልጊዜ እርስዎ ሲበሉ ነው የምትበላው፤ ማታ። ተይ ብያት ነበር፤ ከማሚ ጋር ነው ቃላችን ትለኛለች። አያውቁም ነበር?»

እቴነሽ አላወቀችም ነበር። ጨለማው መስኮት ታያት፤ ሳይታኘክ የሚዋጠው ሩዝ ታያት፤ «ማን ይቀማሻል?» ያለችው የራሷ ድምፅ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። በየቀኑ እዚያ ፊቷ ተቀምጣ እራት የምትበላ የመሰለቻት ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ምሽቱንም ጨምራ፣ እሷን ስትጠብቅ የዋለች ነበረች።

«ምንድን ነው?» አሉ ሲኞር አርናልዶ። «ምን ሆነች?»

ነገረቻቸው፤ ቃላቱ ግን እየተቆራረጡ ነበር የሚወጡት። ነግራቸው ሳትጨርስ የቤቱን ስልክ አነሣችና ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደንኪኤል መደወል ጀመረች። ስለት ነው። ያለ ካህን ቃል እንዲሁ አይፈርስም። ተስላ ያገኘችው ልጇን በሚመለከት ነገር ነው፤ ስለቱ ቢፈርስ የሰጠችው እመቤት መልሳ የምትወስደው ከልጇ እንደሆነ ታሰባት። ባይፈርስ ደግሞ ልጇ እዚያ ድንጋይ ላይ ናት። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ ጽዮን ጋ። የአባ ስልክ ዝግ ነው። በፍልሰታ በዚህ ሰዓት ቤተ መቅደስ ናቸው። አበራሽም እዚያው ናት።

«ለማን ነው የምትደውዪው?» አሉ ሲኞር አርናልዶ።

«ለነፍስ አባቴ።»

«ሐኪም ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝጊው! ልጅቷን አናግሪያት። እስከ አሁን ያልባታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ላቡ ካቆመ ጥሩ አይደለም።»

ጠየቀች። ኪያራ ቆዳዋ ደረቅ ነው፣ እንደ እሳት ያቃጥላል አለች። እቴነሽ ለሽማግሌው ስትነግራቸው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሡ። ይህ ከማንኛውም ቃል በላይ አስፈራት።

«ስጪኝ» አለች ለኪያራ። «ፊቷን አሳዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሰማይ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሣር፣ ከዚያ የጽዮን ፊት መጣ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ወዴት እንደሚያይ ግን አይታወቅም።

«ጽዮኔ። እናትሽ ነኝ።»

«ማሚ» አለች ልጅቷ በቀስታ። «ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?»

«ደርሷል። ጠጪ።»

«አንቺ በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ የኔ እናት። አሁን በላሁ። ጠጪ።»

ጽዮን ግንባሯን ቋጠረች። አንድ ከባድ ነገር የምታስታውስ ትመስላለች።

«ትዋሻለሽ። እዚያ ጠዋት ነው... ፀሐዩ በኋላሽ ነው።»

እውነቷን ነበር። የምሥራቁ ፀሐይ በበረንዳው በር ገብቶ ከእቴነሽ ጀርባ ካርታዎቹን ያበራቸው ነበር። ኪያራ ጠርሙሱን አስጠጋች፤ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «ማሚ አልበላችም» አለች በጣልያንኛ፣ ለማንም ሳይሆን። ደግማም አለችው።

እቴነሽ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። እጇ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ መጀመሪያ ያገኘው የሲኞር አርናልዶን ኩባያ ነበር። አነሣችው። ለስልኩ ዓይን አሳየችው። በፍልሰታ፣ በአርብ ቀን፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ወተቱን እስከ አተላው ጠጣችው። ብስኩቱንም ወስዳ ነከሰች። አፏ ደርቆ ስለነበር ፍርፋሪው አልወርድ አላት፤ እያነቃት ዋጠችው።

«ወተቴን!» አሉ ሽማግሌው፣ ከልማድ የተነሣ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ተራራው ላይ የጽዮን ዓይን ቀስ ብሎ እናቷ ላይ አረፈ።

«ማሚ፣ ወተት ነው እኮ። አርብ ነው።»

«አውቃለሁ። አየሽኝ አይደል? በልቻለሁ። አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

«እመቤታችንስ?»

«እሷን ለኔ ተዪልኝ። ጠጪ ብያለሁ!»

የመጨረሻው ቃል ጽዮን ልጅ ሳለች መንገድ ላይ እጇን ስታስለቅቃት እቴነሽ እንደምትጮኽባት ዓይነት ነበር። ልጅቷ አፏን ከፈተች። ኪያራ ጠርሙሱን አስደገፈችላት። ግማሹ ውሃ በአገጭዋ ወረደ፤ ግማሹ ገባ። እቴነሽ የልጇ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

«በጥቂት በጥቂቱ!» ብለው ጮኹ ሲኞር አርናልዶ፣ ከወንበራቸው ሊነሡ እየሞከሩ። «አንገቷንና ብብቷን አርጥቢ! ባርኔጣውን በውሃ ንከሪው! በሰውነትሽ ጥላ ሥሪላት፣ ከፀሐዩ በኩል ቁሚ! ሰማሽ አንቺ ልጅ?»

«ሰማሁ» አለች ኪያራ።

ጽዮን ሁለተኛ ጠጣች። ሦስተኛው አስመለሳት፤ አራተኛው ግን ተቀመጠ። ከዚያ ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ መጣ፤ ሣሩ ሁሉ ተኛ፤ ኪያራ የጮኸችው ሳይሰማ ስልኩ ተቋረጠ።

እቴነሽ መልሳ ደወለች። አይነሣም።

«ሄሊኮፕተሩ ነው» አሉ ሲኞር አርናልዶ። «በሱ ድምፅ ውስጥ ማንም አያወራም። ገመድ ያወርዳሉ። አንድ ጊዜ ግራን ሳሶ ተራራ ላይ እኛም...»

«ሲኞሬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ።»

እንዲህ ብላቸው አታውቅም። እሳቸውም ምሳ አልጠየቁም። እቴነሽ ወለሉ ላይ፣ በበረንዳው በር ደፍ ላይ ተቀመጠች። ከአፏ የወተቱ ጣዕም አልጠፋም። መጸለይ ፈለገች፤ ግን ስለቷን አፍርሳ፣ አፏን ሳትጉመጠመጥ፣ በየትኛው አፍ? «እመቤቴ» ብላ ጀምራ ታቋርጠዋለች። እዚያ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት እየቀረበ ነው። ገመዱ ከነፋሱ ጋር ሲወዛወዝ፣ ኮረቱ ሲንሸራተት፣ ልጇ በጨለማ ድንጋይ ላይ ስትቀር፣ ያላሰበችው ክፉ ነገር አልነበረም። አንዱን ክፉ ስታባርር ሌላው ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ያልታየ አልነበረም፤ ያየችው ነበር። በየቀኑ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሳለ አይታው ያልገባት።

ሮማ ላይ ፀሐዩ አናት ሲደርስ የኪያራ መልእክት ገባ። ሆስፒታል ናቸው። ጽዮን ግሉኮስ ተተክሎላታል። ስሟንና ያለችበትን ከተማ ጠይቀዋት መልሳለች። ኩላሊቷን እየተከታተሉት ነው፤ ሁለት ቀን ያቆዩዋታል።

እቴነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሲኞር አርናልዶ አነበበችላቸው። ስታነብ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ስትጨርስ ግን ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ሽማግሌው በወንበራቸው ጎማ ወደ እሷ ቀርበው ትከሻዋን በሁለት ጣት መታ መታ አደረጉት፤ እንዴት እንደሚያጽናና የማያውቅ ሰው እንደሚያደርገው።

«ኩላሊቷስ?» አለች ከሽርጡ ውስጥ።

«ወጣት ናት። ያጥቡታል።»

«ቢበላሽስ?»

«አላውቅም፣ እቴነሽ። የሒሳብ መምህር ነኝ።»

አባ ወልደንኪኤል ቅዳሴው ወጥቶ ስልካቸውን ሲከፍቱ መልሰው ደወሉ። እቴነሽ በረንዳው ላይ ወጥታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለቱን፣ ተራራውን፣ ወተቱን። ቄሱ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ስለቱን ማን ነው የተሳለው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ልጅቷ እዚያ ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«ጠይቀሻት ነበር?»

«ኋላ ነገርኳት።»

«ልጅቷ ሐኪም ያዘዛትን ትብላ፣ ትጠጣ። ከስለቱ ተፈትታለች» አሉ ቄሱ። «አንቺ ነገ ትመጪና እንነጋገራለን።»

«አባ፣ በልጄ ላይ የሚመጣ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ነገ ነይ ብዬሻለሁ፣ ልጄ። አሁን እሷን ጠብቂ።»

ይህ መልስ አልነበረም። እቴነሽ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ሙቀቱ ተራሮቹን በጭጋግ ሸፍኗቸው ሞንቴ ጄናሮ አይታይም ነበር።

ጽዮን ራሷ የደወለችው ሲኞር አርናልዶ የዘገየ ምሳቸውን እየበሉ ሳለ ነው። ድምፅዋ የደከመ ነው፤ ግን የራሷ ነው። ክንዷ ላይ ቱቦ አለ። እናት የልጇን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ በዓይኗ ዳሰሰች፤ የከንፈሯ ቀለም ተመልሷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እቴነሽ። «ስምንት ቀን ሙሉ! የዚያን አገር ሰዓት እንደማትቆጥሪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሎራ... አብረን ብለሽ ነበር እኮ። እኔ የመሰለኝ እንዲያ ነው። ከከበደኝ በኋላ ደግሞ ብነግርሽ ታዝኚያለሽ ብዬ።»

«አሁንስ አላዘንኩም?»

«አዝነሻል» አለች ጽዮን። ቆይታም፣ «ወተቱን ስትጠጪው ፊትሽን ብታይው!»

«ዝም በይ!» አለች እናቲቱ፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ሳቁ አልቆየም። «ኩላሊትሽን ምን አሉ?»

«ነገ ደግመው ያዩታል። ማሚ፣ ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ። ጫፉ ይታየኝ ነበር።»

«የትኛው ጫፍ?»

«የተራራው። በጥቅምት ይበርዳል ይላሉ። ያኔ እመለስበታለሁ።»

ለእቴነሽ የመጣላት የመጀመሪያው ቃል «እሳላለሁ» የሚል ነበር፤ ነከሰችው።

«ጥቅምት ጥሩ ነው» አሉ ሲኞር አርናልዶ ሹካቸውን ይዘው ከወዲያ። «ግን በጠዋት ትነሣ በያት። በጣም በጠዋት!»

እቴነሽ ዞራ አየቻቸው። ሽማግሌው ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ።

ጽዮን ኩላሊቷ ደህና መሆኑ ታይቶ እሑድ ከሆስፒታል ወጣች። በጥቅምት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ውሃዋን ይዛ፣ ከኪያራ ጋር ያንኑ ተራራ ወጣችው።